የላይኛው ቤት ኢንሹራንስ

ዙልኩፍ ዕድሜውን ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ቁጥጥሩ ግን አልለቀቀውም። በቱርክ አገር፣ ማላትያ ከተማ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለት ቤት ነበረው። በታችኛው ከሚስቱ ከፈሂመ ጋር ይኖራል፣ ላይኛውን ያከራያል። ተከራዩ ወደ ቤቱ ለመውጣት በዙልኩፍ በር ማለፍ ግዴታው ነው። በሩ ደግሞ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው፤ ከበስተጀርባው ማን መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ መቼ ይሄዳል የሚል ድምፅ ይሰማል።

ደንብም አለው። ከመሸ ገላ መታጠብ ክልክል፣ እንግዳ ማሳደር ክልክል፣ ዓሣ መጥበስማ ጨርሶ የማይታሰብ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይችለዋል? ዓመት የቆየ ተከራይ ጀግና ነበር።

እዚያ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው። ግዴታነቱ ግን ባለሥልጣኖቹን ትዝ የሚላቸው መብራት ወይም ውኃ በስምህ ልታስገባ ስትሄድ ነው። ከዚያ ወዲያ ብታድሰው ባታድሰው ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። ስለዚህ ሰው ወረቀቱን ለመብራቱ ሲል ይገዛል፣ መብራቱ ሲበራ ይረሳዋል። ዙልኩፍም ለራሱ ቤት የገዛው ገና ሲገባ ነበር፤ በቃ፣ ያው ነው። ፈሂመ እናድሰው ባለችው ቁጥር ይስቅባት ነበር።

«መሬቱ እኔ ያለሁበትን ቤት አይደፍርም» ይላታል።

የላይኛው ቤት ነገር ሌላ ነው። ተከራይ በተቀየረ ቁጥር መብራቱ በአዲስ ስም ይገባል፣ ኢንሹራንሱም ይታደሳል። ክፍያውን ዙልኩፍ በተከራዩ ላይ ይጥለዋል። «መብራት የፈለገ ማነው?» ይላል፤ በዚህ ክርክሩ ተረትቶ አያውቅም።

ቤቱ ራሱ ደግሞ በፈሂመ ስም ነው። ጡረተኛ ያለው አንድ ቤት ብቻ ከሆነ የቤት ግብር አይከፍልምና፣ ዙልኩፍ ላይኛውን ወደ እሷ አዞረው። በዚህ ብልጠቱ ሻይ ቤት ተቀምጦ ክረምቱን ሙሉ ሲጎርር ከረመ። ፈሂመ ፈረመች።

የመጨረሻዋ ተከራይ ጉልተን የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ኢንሹራንሱን ልታስወጣ ስትሄድ በሩ ላይ ቆም አለች።

«አጎቴ ዙልኩፍ፣ የእናንተንም አብሬ ላሳድስላችሁ?»

«አንቺ ዓሣሽን አትጥበሺ እንጂ፣ ስለ እኔ ቤት አትጨነቂ» አላት።

በየካቲት መሬቱ ደፈረው። የመጀመሪያው ሲነቀንቅ ሁሉም በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ወጣ፤ ዙልኩፍ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነበር። ፎቁ አልወደቀም። ፀሐይ ስትወጣ «አላልኩም?» አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው መጣና ፎቁን ዓይናቸው እያየ አፈረሰው። እነሱ ውጭ ነበሩ። በሚቀጥለው መንገድ ላይ ግን ያልወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዙልኩፍ የሚያውቃቸው፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚላቸው። ለእነሱ አለቀሰ።

ከዚያ መንግሥት በሰጣቸው የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ ኢንሹራንሱ ቢሮ ደወለ። ጣሪያ የሚያገኙበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች። የላይኛው ቤት ወረቀት ቀኑ እንዳላለፈ፣ ክፍያው ለቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ ፈሂመ እንደሚላክ ነገረችው። የታችኛው ግን ቀኑ ካለፈ ዘመን ሆኖታል።

«የኔ እሜቴ፣ ፎቁ እኮ አንድ ነው» አላት። «አብረን ነው የፈረስነው።»

«አዎ አባቴ፣ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ወረቀት ሊኖረው ይገባል።»

ዙልኩፍ ይህን ቃል ያውቀዋል። ትኬት ሳይኖራቸው ባቡሩ አንድ ነው ብለው የተከራከሩትን መንገደኞች ሁሉ በዚሁ ቃል ነበር የሚያስወርዳቸው። አፈረ። ያባረራቸው ተከራዮች ተራ በተራ ታወሱት፤ አሁን ቤት የሚያገኙት እነሱ ከኪሳቸው በከፈሉት ኢንሹራንስ ነው።

ፈሂመ በገንዘቡ ላይ የእጇን የወርቅ አምባሮች ጨምራ ከከተማው ዳር ትንሽ ቤት ገዛች፤ ፎቅ የሌለው፣ በራሷ ስም። በገቡበት ቀን ዙልኩፍ ፍራሽ ተሸክሞ ደረሰ። እሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ከመግባትህ በፊት ደንቡን ስማ» አለችው። «በር ገርበብ አድርጎ መንገደኛ መመርመር የለም። እንግዳ ያድራል። ዓርብ ጉልተን ትመጣለች።»

«ትምጣ።»

«ዓሣ ትጠብሳለች።»

ዙልኩፍ ፍራሹን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ። በትከሻዋ በኩል ወደ ውስጥ ሲያይ ቤቱ ጨለማ ነው።

«መብራቱስ?» አላት።

«ያለ ኢንሹራንስ እንደማይሰጡ ታውቃለህ። መብራት የፈለገ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ። ፍራሹን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ለኢንሹራንሱ ሊሰለፍ ሄደ።