አበባ የለመንኩለት ቀርከሃ

ነፋስ ሲነሳ ቀርከሃ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቋ ቋ ይላል፣ ከዚያ ቅጠሉ ሿ ብሎ ይከተላል። ሰሞኑን የታመመውን አባቴን ላስታምም አሶሳ መጥቼ አልጋው አጠገብ ቁጭ ባልኩበት፣ ያ ድምፅ በመስኮቱ ገብቶ እንደገና ልጅ አደረገኝ።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። በበጋ፣ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲል፣ ወንበሩን ጓሮ ቀርከሃው ሥር አውጥቶ ለተማሪዎቹ የሚያዘጋጃቸውን የሮማንቲክ ገጣሚዎች ግጥሞች ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ እኔም እግሩ ሥር ተቀምጬ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሲነግረኝ እሰማው ነበር። በእነዚያ ግጥሞች ውስጥ አበባ የሌለበት ሜዳ፣ እግዚአብሔር የማያልፍበት ጫካ አልነበረም። ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ለፈጣሪ ይቀርባል ይላሉ አለኝ። «እንግዲህ ከኔ አንቺ ትቀርቢዋለሽ ማለት ነው» ይለኝ ነበር እየሳቀ። እሱ ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን የምሬን ያዝኩት።

የኛ ቀርከሃ ታዲያ አበባ የሚባል ነገር አያውቅም። ማንጎው እንኳ በየዓመቱ ሲያብብ እሱ ምስኪን ቅጠል ብቻ! አንጀቴን በላኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አንዱን ቀርከሃ ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ለዚህም አበባ ስጠው» እል ነበር። ጎረቤታችን አባ ሐሚድ ቀርከሃ እየሰነጠቁ አጥር፣ አልጋና ጎተራ በመሥራት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ የበርታ ሰው ነበሩ፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይል ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ከእንጨት ጋር ታወራለህ?» እያሉ በአጥሩ ላይ ይቀልዱብኝ ነበር።

አንድ ክረምት ወጥቶ ዝናቡ እንዳባራ፣ ቀርከሃው በየአንጓው የስንዴ ዛላ የመሰለ ነገር አወጣ። አባቴ ቀረብ ብሎ አየና «ወይ ጉድ! አብቧል እኮ!» አለ። ሰማኝ! ብዬ ቅርንጫፉን ቀጥፌ፣ እየሮጥኩ ሄጄ ለአባ ሐሚድ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። «እናቴ ነግሮኛል» አሉ በመጨረሻ። «ቀርከሃ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ሁሉም ይሞታል።»

እንዳሉትም ሆነ። በጋው ሲገባ የኛ ጓሮ ብቻ ሳይሆን በባምባሲ መንገድ ያለው ጫካ ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ እንደቆመ ደረቀ። የደረቀው ሲሰነጠቅ እየተሰባበረ አላሠራ ስላላቸው፣ አባ ሐሚድ ልጆቻቸውን ትተው ለቀን ሥራ ወደ ጉባ ሊሄዱ ተነሱ። ይህን ስሰማ እህል አልቀምስ አልኩ፤ ቀርከሃውን የገደልኩት፣ ሰውየውንም ከቤታቸው ያስወጣሁት እኔ ነኝና። አባቴ አባብሎ አናግሮኝ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ዕድሜው ደርሶ ነው እንጂ ባንቺ አይደለም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን ይባስ ሆዴ ባባ፣ ለካ ማንም አልሰማኝም ማለቱ ነው ብዬ።

አባ ሐሚድ በሚሄዱበት ጠዋት አጥሩ ጋ ጠብቄ፣ «እኔ ነኝ አበባ ስጠው ብዬ የለመንኩት» አልኳቸው እያለቀስኩ። አልሳቁም። ጓዛቸውን አስቀምጠው ቁጢጥ አሉና «አላህ ሰማህ?» አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። «ታዲያ ደግመህ ለምነው። እንዲበቅል ለምነው» ብለው ጓዛቸውን አንስተው ሄዱ።

ለመንኩት። ዝናብ ሲጥል ከደረቀው ሥር የወደቀው ዘር እንደ ጤፍ ቡቃያ መሬቱን አለበሰው። አባ ሐሚድ በዓመቱ ለእረፍት ሲመጡ ገና ጉልበቴ ጋ ነበር፤ ጎንበስ ብለው ዳሰሱትና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ለአጥር እስኪደርስ ግን ብዙ ክረምት ፈጀ፣ እሳቸውም አልደረሱበትም፣ አረፉ። አሁን ጓሯችን ውስጥ የሚንቋቋው ያ ቡቃያ ነው።

ትናንት ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒት እንደሌለው ነግሮን ከሄደ በኋላ ወጥቼ አንዱን ቀርከሃ ጨበጥኩ። ዛሬ እኔም የአባቴን ግጥሞች አስተምራለሁ፣ ቀርከሃ ለምን እንደሚያብብም አስረዳለሁ፤ አፌን ስከፍት ግን ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ያኔ ለአበባ ስለምን ቅንጣት አላፈርኩም ነበር፤ ለአባቴ ለመለመን አፈርኩ። ሳልለምን ተመልሼ ገባሁ።

አባቴ በመስኮቱ ሲያየኝ ኖሯል። እጄን ያዘና፣ ያ የተፈጥሮ ሕግ ነው ያለኝ ሰው፣ በደከመ ድምፁ «ለመንሽልኝ?» አለኝ።

ተመልሼ ወጣሁ።