ኮፈኗን ከፍታ የቆመችው ነጭ መኪና

ይህ የሆነው የመጀመሪያ ልጄ ስምንተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ነው። ሞባይል ገና ሰው ሁሉ እጅ አልገባም ነበር። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ያን ቀን ያደረግሁት ብልህነት ይሁን ቂልነት ግን እስካሁን አልለየልኝም።

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በዚያው ዓመት አዋሽ አካባቢ ተገልብጦ በተአምር ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለኝ ጀመር። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰን አንዲት ትንሽ መኪና ገዝተን፣ እሱ እዚሁ ከተማ ተማሪ እያመላለሰ እንዲሠራባት ተስማማን። ደህና መኪና ከተገኘች ቤቱ ይገባል። የማትረባ ገዝተን ገንዘቡ ከቀለጠ ግን ተመልሶ ወደ ጅቡቲ ነው።

ባለቤቴ መንገድ ላይ እያለ አንድ ደላላ ካዛንቺስ ቤታችን ድረስ መጣ።

«ላንቻ ነጭ የቤት መኪና አለች። ዛሬ ካላያችኋት ነገ የለችም። እንድትለይላችሁ ባለቤቱ የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ ይጠብቃችኋል» አለኝ።

ባለቤቴ ከሄደበት በደወለ ቁጥር «መካኒክ ሳታሳዪ እንዳትገዢ» ይለኝ ነበር። ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ የሚሠራውን የዕድራችንን ልጅ ተስፋዬን ለመንኩት። የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ተከተለኝ።

ላንቻ ከታክሲ እንደወረድን፣ ነጭ መኪና ኮፈኗን ከፍታ መንገድ ዳር ቆማለች። አጠገቧ ሃምሳ ዓመት የሚያልፈው ሰው ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ላቡን ይጠርጋል።

«ከጋራዥ ናችሁ?» አለን።

«አዎ፣ ከጋራዥ ነኝ» አለ ተስፋዬ ኮራ ብሎ።

«ተመስገን! ስጠብቃችሁ ደረቅሁ እኮ።»

ተስፋዬ «ምን ችግር አለባት?» ብሎ ጠየቀው። መኪና ሻጭ ሁሉ ይህን ይጠየቃል፤ ሁሉም «ምንም» ብሎ ይመልሳል።

«ምን የሌለባት ነገር አለ ብለህ ነው!» አለ ሰውየው። «ትሞቃለች። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ካምቢዮዋ ይጮሃል። ይሄን በር ግንብ ገጭቼበት በስቱኮ ነው የቆመው። ዝናብ ሲጥል ከኋላ የተቀመጠ ሰው እግሩ ይርሳል። ባለቤቴማ ከዚህች መኪና ጋር ቆርበሃል ትለኛለች።»

እንኳን መኪና፣ ዶሮ የሚሸጥ ሰው የዶሮውን ጉድ አይናገርም። ተስፋዬ ነጠላዬን ጎተት አደረገኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ ሰው ደህና አይደለም። ሻጭ እንዲህ አያወራም። ትንሹን የሚነግረን ትልቁን ሊደብቅ ነው።»

«የተሰረቀች ትሆን?»

«እንጃ።»

«በማርያም፣ እንሂድ!»

«ቆይ ልያት፤ እኔንም ገርሞኛል።»

እሱ ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ እኔ ሰውየውን ጠጋ አልኩት።

«እና ሰው ይጫንባታል?» አልኩት።

«ልጆቼን ነው የማመላልስባት። ቀስ ብለው ከያዟት ታደርሳለች። እየቆመችም ቢሆን ታደርሳለች» አለኝ።

ተስፋዬ የተቀደደ የውሃ ማስተላለፊያ ጎማ አግኝቶ አሰረው። ውሃ ሞልቶ ሲያስነሳት ተነሳች። ሰውየው ደስ ብሎት ቦርሳውን ከኪሱ አወጣ።

«ስንት ልስጣችሁ?»

እኔ ተስፋዬን አየሁት፤ ተስፋዬም እኔን አየኝ። ሻጭ ለገዢ ሲከፍል አይተን አናውቅም።

«የምን?» አለ ተስፋዬ።

«የሠራህበት ነዋ!»

«እኛ እኮ ልንገዛት ነው የመጣነው» አልኩት።

«ማን ይሸጣታል አላችሁ?» አለ አፉን ከፍቶ።

ነገሩ የተፈታው ያኔ ነው። መኪናዋ ሞቃ መንገድ ላይ ቆማበት፣ ከሱቅ ስልክ ደውሎ ከጋራዥ መካኒክ ላክንልህ ተብሎ ይጠብቅ ነበር። የተስፋዬን ቱታ ሲያይ የተላከው መሰለው። «እርስዎም ባለጋራዧ መስለውኝ ነው» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይህን ስንባባል ደላላው ከመንገዱ ማዶ እጁን እያወናጨፈ ይጠራናል። እዚያም ሌላ ነጭ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች።

ያቺኛዋ ታበራለች። ሞተሯ ሳይቀር ታጥቧል። ባለቤቱ ጎረምሳ «ምንም የላትም። የነዳቻት እህቴ ናት፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ» አለን። ተስፋዬ ከሥሯ ገባ፣ ሞተሯን አዳመጠ፣ ኦሎምፒያ ድረስ ነድቷት ተመለሰ።

«እትዬ፣ ምንም አላገኘሁባትም። ይግዟት።»

«ምንም?»

«ምንም!»

ሁሉም አፌን ይጠብቃሉ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። «ባለቤቴ ሲመጣ ይያት» አልኩ።

ደላላው ጦፈ። «እትዬ፣ እንከን ስላልተገኘላት ነው ቅር ያለዎት? ትንሽ ስቱኮ እንለጥፍልዎ?» ተስፋዬም ጭምር ሳቀ።

ስንመለስ ያ ሰው ሞተሩ እስኪበርድ እዚያው መንገድ ዳር ያለ ካፌ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ገባሁና «መኪናዎን ይሽጡልኝ» አልኩት። ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። ቀጥሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ያን ሁሉ ነግሬዎት?»

«ስለነገሩኝ ነው።»

«እንግዲህ ባለቤቴን ላማክር፤ ከሷም ጋር ቆርቤያለሁ» አለ።

አማክሮ ሸጠልኝ። ተስፋዬ «ታዲያ እኔን ለምን ወሰዱኝ?» ብሎ ለረጅም ጊዜ አኮረፈኝ። ባለቤቴ ሲመጣ አንድ ዙር ነድቷት ወረደና «አስካለ፣ ለሽያጭ የቆሙት ሁሉ ጠፍተው ተበላሽታ የቆመች ገዛሽ?» አለኝ። ሰውየው የነገረኝን አንድ በአንድ አሠራው። ያልነገረን ብልሽት አልተገኘባትም። ባለቤቴም የጭነት መኪናውን ቁልፍ አስረከበ።

ያቺ ታጥባ የቆመችው ምናልባት እውነትም እንከን አልነበራትም። ተስፋዬ እስከ ዛሬ ይምልላታል። ጎረምሳውን ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬው ይሆናል። ያኛው ሰውስ ሻጭ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ይነግረኝ ነበር? ይህን ሳስበው ይዞርብኛል።

ባለቤቴ በየምሽቱ ቤቱ ይገባል፤ ለኔ ይህ ይበቃኛል። ችግሩ ነገሩ ስለተሳካልኝ፣ መኪና ሊገዙ የሚያስቡ ጎረቤቶች እየመጡ «እስቲ አስካለ፣ መኪና እንዴት ነው የሚታየው?» ይሉኛል። «እኔ እንጃ፤ እኔ የገዛሁት በስህተት ያየኋትን ነው» እላቸዋለሁ።