የጎበጠው ጥድ ስለት

ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ ደባርቅ ያለውን ቤታችንንና በአጥሩ ጥግ የተከላቸውን ዘጠኝ የፈረንጅ ጥዶች ነው። ስምንቱ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዘጠነኛው ከሥሩ የጎበጠ። ንቀለው እያልኩ ስንት ዓመት ጨቅጭቄዋለሁ። «ተዪው፣ ይቃናል» ይለኝ ነበር። ሲነግሩት የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ባለፈው በጋ ጥዶቹ ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀሉ መድረቅ ጀመሩ። ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጌ ሳይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ይርመሰመሳሉ። እጅ ከፍንጅ ያዝኳችሁ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ልጅ ያስተማርኩ ሰው፣ ማንንም ሳልጠይቅ ሦስት ቀን ሙሉ እየለቀምኩ የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በሳምንቱ ዳባት ግብርና የሚሠራው የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ጣሳውን አየና ወደ ጥዶቹ ሄደ። ቅርንጫፉን ገልብጦ ከቅርፊቱ ጋር የተመሳሰለ ክሽክሽ የሚባል ግራጫ ጥቃቅን ተባይ አሳየኝ። ጥዱን የሚመጠው እሱ ነው፤ ጥንዚዛዋ ደግሞ ክሽክሹን የምትበላ ነች አለኝ። መርዝ ልርጭበት ወይ ስለው፣ የቀሩትንም ጥንዚዛዎች ትጨርሻቸዋለሽ አለ። የባሌን ዛፎች በገዛ እጄ ገደልኳቸው ማለት ነው።

ጥንዚዛዋ በብዛት የምትገኘው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ባሉት የሐበሻ ጥዶች ላይ ነበር። የገደልኳቸውን የሚተኩ ጥንዚዛዎች ልለምን፣ ክዳኑን የበሳሁትን የማር ብልቃጥ ይዤ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄድኩ።

«ከዚህ ቅጥር ጭራሮ እንኳ አይወጣም» አሉኝ።

ጭራሮ መቼ ለመንኩ? ጥንዚዛዋ በክንፏ አጥሩን አልፋ ስትሄድ ማን ይከለክላታል ብዬ ተከራከርኳቸው። ድምፄም ሳላውቀው ከፍ ብሏል። ለምን እንደምፈልጋት ጠየቁኝ። የባሌ ዛፎች እንዳይሞቱብኝ አልኩ። መጀመሪያውኑ ይህን ማለት ነበረብኝ።

«እንግዲያው ስለት ተሳይና ውሰጂ» አሉ።

ዛፎቹ ከተረፉልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ብልቃጡን ሞልቼ ወስጄ ጥንዚዛዎቹን በየጥዱ ላይ በተንኳቸው። ግማሾቹ ወዲያው በረው ሄዱ።

ክረምቱ ሲወጣ ስምንቱ ደርቀው ተቆረጡ። የጎበጠው ብቻ፣ እንደጎበጠ፣ ለምልሞ ቀረ። የእህቴ ልጅ፣ የተሳልሽው ለዘጠኝ ነው፣ ላንድ ዛፍ ሙሉ ጃንጥላ ምን ሲባል ብሎ አሾፈብኝ። ጎንደር ወርጄ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ገዛሁ።

ሳስረክባቸው ቄሰ ገበዙ ዛፎቹ ተረፉ ወይ አሉኝ። አንድ ተረፈ አልኳቸው። የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ንቀለው ያልኩት» አልኳቸው።