የመጨረሻዋ ነጭ ጭነት

ማ ጊሶፕ በደቡብ ኮሪያዋ ጉንሳን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የኮንክሪት ሚክሰር መኪና ነድቷል። ግራጫውን ኮንክሪት ማንም ይጭነዋል። የከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት በነጭ ኮንክሪት እንዲሠራ ሲወሰን ግን ፋብሪካው ከሾፌሮቹ ሁሉ እሱን መረጠ። የሚክሰሩ ሆድ ውስጥ ጥፍር የምታህል ግራጫ ከቀረች ነጩ ግድግዳ ዕድሜ ልኩን ይዟት ይኖራላ! ጊሶፕ ደግሞ ውስጡ ድረስ ገብቶ፣ ተንበርክኮ፣ በመሮ እየፈነቀለ የሚያጸዳ ሰው ነው።

«ለዚያ ሚክሰር የምታጠፋውን ጊዜ ግማሹን ለእኔ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት፣ የሱንኒም አባት?» ትለው ነበር ሚስቱ ኦክቡን፣ ጉበቷን ታማ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ እንኳ። እሱም እየሳቀ የገብስ ሻይዋን ይቀዳላታል።

የመጨረሻው ግድግዳ በሚሞላበት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ልጁ ሱንኒም ደወለች።

«አባዬ፣ አሁኑኑ ና። ሐኪሙ ብዙ አትቆይም ብሏል። አንተን እየጠራች ነው።»

ጊሶፕ መኪናውን አጥቦ የመጨረሻዋን ጭነት እየጠበቀ ነበር። ሌላ የታጠበ መኪና የለም። እንዲለቀው ኃላፊውን ለመነው።

«ጋሽ ማ፣ አሁን ሙሌቱ ከተቋረጠ እኮ ግድግዳው ላይ መስመር ይወጣል! ገልብጠው ይብረሩ፤ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አለው ኃላፊው።

መስመር ቢወጣስ? ግድግዳ ላይ በወጣ መስመር የሞተ ሰው የለም። ጥሎ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ያዘውና «አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ ብሎሻል በያት» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ኦክቡን የጠበቀችው አርባ ደቂቃ ነው። ጊሶፕ ነጭ አቧራ እንደለበሰ ሲደርስ ሱንኒም በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ስትጠይቀኝ ‹መጣ፣ ደረጃው ላይ ነው› እያልኳት ነበር» አለችው። «እንደዋሸኋት ሞተች፣ አባዬ።»

ቤተ መጻሕፍቱ በጸደይ ተመረቀ። ሰዉ ንጣቱን አይቶ ጉድ አለ፤ ፎቶ ያልተነሳ የለም። ጊሶፕ ግርግሩ እስኪቀንስ ጠበቀና የመጨረሻውን ግድግዳ በመዳፉ ይዳብስ ጀመር። የእሱ ጭነት የት ጋ እንደሚጀምር ሊያገኝ ነው። «እሷ ስትጠራኝ እኔ እዚህ ጋ እየገለበጥኩ ነበር» ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ ፈለገ። ግድግዳው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም። ጊሶፕ እንደገና ከጥጉ ጀምሮ ዳበሰው።

«አባባ፣ እባክዎ አይንኩብን፤ ይቆሽሻል» አለችው አንዲት ወጣት ጥበቃ፣ በትሕትና።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አለና እጁን አነሳ።