ዮናስ የሳለው የሆላንድ ቦይ

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዙን ተሻግሮ ወዳለው ወደ አሌክሳንድሪያ ከተማ የተነሳነው አንድ ሥዕል ለማምጣት ነው። ሥዕሉ የጎረቤቴ የጋሽ ታደሰ ልጅ የዮናስ ሥራ ነው። ዮናስ ሆላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በስደት ኖሮ አምና እዚያው ታሞ ዐረፈ። አባትየው ቪዛ ዘግይቶባቸው ለቀብሩ እንኳ አልደረሱም። እዚያ ጎረቤቱ የነበረችው ሂሩት በቅርቡ አሌክሳንድሪያ እህቷ ዘንድ መጥታለች። "የእሱ ሥዕል እኔ ጋ አለ፤ ይውሰዱት" ብላ ኮል አደረገችላቸው። ጋሽ ታደሰ መኪና መንዳት ስላቆሙ እኔ ወሰድኳቸው።

ቤልትዌይ ላይ

ዝናቡ አባርቷል፤ የቀለበት መንገዱ አስፋልት ግን ገና አልደረቀም። ኮሌጅ ፓርክ የምትባለውን ከተማ አለፍን። ከዚያ፣ ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ "ዘመድ በሌለበት አገር ማን አስታመመው ይሆን?" አሉኝ። የወንዙ ድልድይ ላይ ትራፊክ ያዘን። ከድልድዩ ሥር የፖቶማክ ወንዝ ደፍርሶ ይፈሳል።

አሌክሳንድሪያ

ሂሩት በር ላይ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን አሰናድታለች። እሳቸው ግን "መጀመሪያ ልየው" አሉ።

በውሃ ቀለም የተሳለ፣ ከትሪ የማይበልጥ ሥዕል ነው። ቡናማ የቦይ ውሃ፣ ዳርና ዳሩን ጠባብ የጡብ ቤቶች፣ የድልድይ ብረት የተደገፈ ብስክሌት፣ አንዲት ሴት ልብስ የምታሰጣበት የጀልባ ቤት፣ ዳር ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ። ሰማዩ ወረቀቱ እስኪታይ ድረስ ስስ ነው።

"ልጄ የቱ ጋ ነው?"

"እሱ የለበትም ጋሼ። ከመስኮቱ ሆኖ በየቀኑ የሚያየውን ነው የሳለው። ይህች ልብስ የምታሰጣዋ አንኬ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ጀልባው ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዮናስ ሲታመም ሾርባ ሠርታ ደረጃውን እየወጣች ታበላው ነበር። ይህ ዓሣ የሚያጠምደው ሽማግሌ ደግሞ ስሙ ያን ነው፤ ሆስፒታል ያመላልሰው ነበር።"

"በመጨረሻስ?"

"አንድ እጁን አንኬ፣ አንዱን እኔ ይዘን ነበር።"

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። በለቅሶው ሰሞን እንባ ያልወጣቸው ሰው፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሲረጋጉ የሴትየዋን ስም ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቋት። አፋቸው እስኪለምደው ደጋገሙት። "በጸሎት እንዳነሳት ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ሂሩት ዞረው፣ "እኔ ይህን ስወስድ ለአንቺ ምን ይቀርልሻል?" አሏት።

"እኔማ አብሬው ኖሬያለሁ ጋሼ።"

ምሳ የበላነው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ታደሰ እንጀራ አስጨመሩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ቤታቸው ስንገባ እየመሸ ነበር። ሥዕሉን ከፍ አድርጌ ልሰቅለው ስል ከለከሉኝ፤ ሲቀመጡ ከዓይናቸው ትይዩ እንዲሆን ፈለጉ። ምስማሩን ዝቅ አድርጌ መታሁ።

እኔ ሐዘንተኛ ቤት ስገባ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብዬ ከወጣሁ የድርሻዬን ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። ሂሩት ግን ያየችውን ብቻ ተናገረች፤ ያን ሁሉ ወር እኛ ያልቻልነውን አደረገች።

ልወጣ ስል ሴት ልጃቸው ሰላም ከሥራ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ነይ እይ፣ ይህች አንኬ ናት" ብለው ጀመሩላት።