ሐረጎን የወረደው ፕሮግራም

ደሴ ላይ እሺ ብሎ የሠራው ፕሮግራም ኮምቦልቻ ሲወርድ አሻፈረኝ አለ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ለማግስቱ ንጋት የባሕር ዳር አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ከዚያ ወደ ጎጃም፣ ወደ እናቴ ቤት። ቅዳሜ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። አለቃችን ግን ጠዋት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቢሯችን ስንነሳ ቁርጡን ነግሮኛል፤ የዱቄት ፋብሪካው የመኪና ሚዛን ፕሮግራም ዛሬ ካልሠራ ፈቃድ የለም።

ችግሩ አንዲት ቆጣሪ ናት። ለስንዴ ጫኝ መኪናም ለዱቄት ጫኝም የሚያገለግል አንድ ቅርጽ ጽፌ ነበር፤ በሙያችን ቴምፕሌት እንለዋለን። ለእያንዳንዱ የጭነት ዓይነት ስንት መኪና እንደተመዘነ የምትይዝ ቆጣሪ፣ ስታቲክ አባል፣ በውስጡ አለች። ፕሮግራሙን ለማሠራት «ቆጣሪ አለች» ብሎ ማሳወቅ አይበቃም፤ የምትቀመጥበት ቦታም ሊሰጣት ይገባል። ደሴ ላይ ይህን በአንዲት አዲስ ቃል ጨርሼው ነበር። የፋብሪካው ኮምፒውተር አሮጌ ነውና ቃሏን አላውቃትም አለ።

ቃሏን አነሳሁና በለመድኩት መንገድ ሄድኩ፤ ማሳወቂያውን በአንድ ፋይል፣ ቦታ የሚሰጠውን መስመር በሌላ። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ የያዝኩት ሥርዓት ነው፤ ጓዳና ሳሎን አይደባለቅም። ፋይሎቹ አንድ በአንድ አለፉ። በመጨረሻ ሁሉንም የሚያገጣጥመው ሊንከር ግን «የስንዴዋ ቆጣሪ የታለች?» አለ። ደገምኩት። ያንኑ አለ። እንዳልጠይቅ ኢንተርኔት የለም።

ውጭ ስንዴ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል። ሚዛኑን የሚጠብቁት አባት በመስኮት ብቅ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ሾፌሮቹ እኔን ሊመዝኑኝ ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ አባባ።»

እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ እማዬ ‹ትመጣለች ወይ?› እያለች ነው። ምን ልበላት?»

«በይ... እግዚአብሔር ያውቃል በያት።»

አብሮኝ የወረደው ባልደረባዬ የወሎ ልጅ ነው። ብስኩቱን ዘረጋልኝ፤ ወዲያው መልሶ ሰበሰበው። «ለካ ረቡዕ ነው! በረመዷን የምታሾፊብኝን ዛሬ ላወራርድ ነበር።» ከዚያ ወንበሩን አስጠጋ። «አብሽሪ። ሁለቱን አንድ ፋይል ላይ ብታደርጊያቸውስ?»

«ደንብ አይደለም። ፋይሉ ሁለት ቦታ ሲነበብ ሊንከሩ ሁለት ቆጣሪ አገኘሁ ብሎ ይጮሃል።»

«አሁንስ መች ዝም አለሽ?»

በስመ አብ ብዬ መስመሩን ቆርጬ፣ ቅርጹ በተጻፈበት ፋይል ከቅርጹ በታች ለጠፍኩት። እንደማበላሽ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ሊንከሩ አንዲት ቃል ሳይናገር አለፈ።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቴምፕሌት ገና ያልተቆረጠ ልብስ ነው፤ የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ለስንዴ የሚሰፋው ስንዴ በተጠራበት ፋይል ላይ ሲደርስ ነው። መስመሩን በሌላ ፋይል ቆልፌ ሳስቀምጠው ከየት አይቶ ይስፋት? ሁለት ይሆናል ብዬ የፈራሁትም ለተራ ቅርጽ እንጂ ለቴምፕሌት አይሠራም፤ ሊንከሩ ራሱ አንዷን ያስቀራል።

የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ። ስንዴ፣ አንድ። አባትዬው «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ዱቄት የጫነ መኪና ገና አልመጣም፤ ያን ሳላይ እንዴት እሄዳለሁ?

«ሂጂ!» አለኝ ባልደረባዬ። «እኔ እጠብቀዋለሁ። ወላሂ አንቺ እኮ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽም በሩ መዘጋቱን ሳታዪ አትሰግጂም።»

ሄድኩ። ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት መጠምዘዝ ሲጀምር የረቡዕን ውዳሴ ማርያም በልቤ ያዝኩ። ሁለት መስመር ሳልሄድ ዱቄቱ፤ ተመልሼ ከመጀመሪያው፤ እንደገና ዱቄቱ። ጉም ከላይ ሲቀበለን አጠገቤ ያሉት እናት መስኮቱን ዝጊልኝ ብለውኝ ኖሯል፤ አልሰማሁም።

ደሴ ልንገባ ስንል ባልደረባዬ ደወለ። «ዱቄትም አንድ አለች። በቃ፣ አሁን አባትሽን አልቅሺ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ቆጣሪዋ አስቤያለሁ፤ ስለ አባቴ ግን አንድ ጊዜም አላሰብኩም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። እናትየዋ መስኮቱን በእኔ ላይ ተንጠራርተው ዘጉት።