መድረክ ላይ የሚተኛው ኦርቪል

ኦርቪል ፔቲግሩ በዕድሜው ሙሉ ሥራ ላይ የተኛው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌላው እንቅልፉ፣ ያ አገር ምድሩ በቴሌቪዥንና በሲኒማ አይቶ ሆዱን ይዞ የሳቀበት እንቅልፍ፣ ሁሉም ውሸት ነው። ይህን ለሰው ለማስረዳት ዓመታት ደክሟል፤ ሰው ግን የሚወደውን ውሸት እንዲነጥቁት አይፈልግም።

በዚያን ዘመን ኦርቪል ሌሊት ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቀን ቀን ደግሞ ሥራ ከተገኘ ባሪቶን የሚባለውን ትልቁን ሳክስፎን ይነፋል። በቺካጎ ደቡብ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ እሱን የማያውቅ ሙዚቀኛ አልነበረም፣ ከሰፈሩ ውጪ ደግሞ የሚያውቀው ሙዚቀኛ አልነበረም። ያኔ ነው እንግዲህ ሁለት ነጭ ኮሜዲያኖች በሳምንታዊው አስቂኝ ፕሮግራማቸው ላይ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ መስለው ብሉዝ የሚዘፍኑበትን አጭር ቀልድ የፈጠሩት። ቀይ ኮት፣ የወርቅ ቁልፎች፣ አገጭ ሥር በላስቲክ የምትያዝ ጣሳ የመሰለች ቆብ። እነሱ ቀልድ ናቸው፤ ሙዚቃው ግን የምር እንዲሆን ፈለጉ። ስለዚህ ከኋላቸው የሚቆሙትን ሙዚቀኞች ከእኛ ሰፈር ክለቦች ለቃቅመው፣ ያንኑ ቀይ ኮት አለበሷቸው።

ለመጀመሪያው ልምምድ ኦርቪል ከፋብሪካ በቀጥታ መጣ። ሳክስፎኑን አቅፎ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጭልጥ አለ። ተራው ሲደርስ ከበሮው አባነነውና ሳያዛንፍ ገብቶ ነፋ፣ ሲጨርስ ተመልሶ ተኛ። በጣም አሳምሮ ነው የነፋው፤ ጥፋቱም እሱ ነው። ትንሽ ቢሳሳት ኖሮ ይቆጡት፣ ቢበዛ ያባርሩት ነበር። ከሁለቱ ኮሜዲያኖች ወፍራሙ፣ ሎፍተስ የሚባለው፣ ስቆ ስቆ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ደራሲዎቹም ነገሩን እዚያው ጻፉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦርቪል በየዘፈኑ መሐል ዓይኑን ይከድናል፣ ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ ይወድቃል፣ ተራው ሲደርስ ብንን ብሎ ዓይኑን ያፈጣል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

ቀልዱ አድጎ ባንድ ሆነ፣ ባንዱ ሸክላ አሳተመ፣ ሸክላው ፊልም ወለደ። በፊልሙ ውስጥ ኦርቪል ባቡር ላይ ተኛ፣ ፍርድ ቤት ተኛ፣ እየተቃጠለ ባለ ሆቴል ውስጥ ተኛ። የተናገረው አንድ ቃል የለም። ኦርቪል ከዳቦ ፋብሪካው ወጣ፣ ቤት ገዛ፣ ጥርሱን አስተከለ። ይሄን ያገኘው በእንቅልፍ ስለሆነ ሰፈሩ ላይ ቅናትም ቀልድም አልጠፋም፤ እኔም ከቀላጆቹ አንዱ ነበርኩ። ባንክ ቤት ሲገባ ገንዘብ ከፋይዋ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ታንኮራፋለታለች። ኦርቪል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፀጉር ቆራጩ ለቀሩት ደንበኞች ይጠቅሳል። ክለብ ውስጥ በራሱ ስም፣ ያለ ቀይ ኮት፣ የራሱን ቡድን ይዞ ሊጫወት ሲወጣ ሰዉ ትራስ ይዞ መጣ። ባለክለቡም ማስታወቂያው ላይ ከስሙ በታች አልጋ አስሎበት ነበር።

ችግሩ ኦርቪል ከድሮም የሚነፋው ዓይኑን ጨፍኖ መሆኑ ነው። ይሄን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ሉሸስ ነው። ልጅ ሳሉ ኦርቪል ጣቶቹን እያየ ስለሚነፋ ሉሸስ ማዕድ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ዓይኑን በአባታቸው ከራቫት ያስረው ነበር። ዓይን ሥራ ከፈታ ጆሮ ይከፈታል ይለዋል። ሉሸስ ራሱ ትዳር ሲይዝ ሳክስፎኑን ለታናሹ ሰጥቶ አውቶቡስ ነጂ ሆነ። እንግዲህ ኦርቪል እውነተኛውን ድምፁን የሚያገኘው ጨለማ ውስጥ ነው፤ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ደግሞ ሰው ይስቃል። በጣም ያዘነበትን ዜማ ሲነፋ ይስቃሉ። እናቱ የሞተች ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ የምር እንባ ሲወርደው፣ ሳቁ ያን ቀን ካለፈው ሁሉ ባሰ።

አንድ ጊዜ አምርሮ ነበር። በቀጥታ ስርጭት ላይ ዘፈኑ ተጀምሮ እስኪያልቅ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀመጠ፣ አልተኛም። አዳራሹ ግራ ገብቶት ጸጥ አለ። ሎፍተስ ወደ ኋላ ዞሮ አየው፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ እየተንፏቀቀ መጥቶ ራሱ የኦርቪል ጭን ላይ ጭንቅላቱን ጥሎ ተኛ። እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የኦርቪል አለመተኛትም የቀልዱ ክፍል ሆነ፤ የቀረችው መውጫም ተዘጋች። ሎፍተስ ክፉ ሰው አይደለም። ቆይቶ መልበሻ ክፍል ውስጥ አቅፎት፣ ስምህ ሲነሳ ሰው ገና ሳያይህ ፈገግ ይላል፣ ይህን ያገኘ ስንት ሰው አለ ብሎታል። እንዲህ በፍቅር ለሚያስርህ ሰው ምን ብለህ ትቆጣለህ?

በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልሳቀ አንድ ሰው ሉሸስ ነው። ፊልሙ የወጣ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሲኒማ ቤት ተሰልፎ ሲገባ እሱም ገባ፤ የወንድሙ ፊት በትልቁ ሸራ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲወድቅና ሰው ሲንጫጫ፣ ሉሸስ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱ ቨርዴል ናት ይሄን የነገረችን። ለወንድሙ ግን አንድም ቀን አንስቶለት አያውቅም፤ ኦርቪልም አልጠየቀውም።

ሉሸስ በሳንባው ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት በመጨረሻው ክረምት ኦርቪል በየቀኑ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቨርዴል ሾርባውን ወስዳ ከወጣች በኋላ፣ ሉሸስ እጁን ያዘው።

«የምሸኘው በአንተ ነው» አለው። «በራሴ ሳክስፎን።»

«እሺ።»

«ሁለት ዙር ትነፋልኛለህ፣ ከዚያ ሳክስፎኑን ታስቀምጥና ከሬሳ ሳጥኔ ኋላ ከቨርዴል ጋር ትወጣለህ። ወንድሜ ነህ፣ ቦታህ እዚያ ነው።»

ኦርቪል ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ።

«ደሞ፣ ኦርቪል» አለ ሉሸስ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ። «ሬሳዬ ላይ ማንም እንዳይስቅብኝ።»

ሌላ ነገር አላለውም። ያችን አንዲት ቃል ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ይዟት እንደኖረ ኦርቪል ያን ጊዜ ገባው፤ በጣም አፈረ። እንዳይስቅብህ ሳይሆን እንዳይስቅብኝ ነው ያለው። በየአውቶቡሱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ያ የሚተኛው ወንድምህ ደህና ነው ወይ ሲባል የኖረው እሱ ነዋ።

ሉሸስ በወሩ አረፈ። የሽኝቱ ቀን እስኪደርስ ኦርቪል ቤቱን ዘግቶ መስታወት ፊት ቆመ። ዓይኑን ከፍቶ መንፋት መለማመድ ጀመረ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰው እንደ ጀማሪ ገና ከመስታወት ጋር ይታገላል። ዓይኑ ሲከፈት ድምፁ ይደርቃል፤ ኖታው ትክክል ነው፣ ነገር ግን ውስጡ ማንም የለም። ሲጨፍን ወዲያው ይመለሳል። ይከፍታል፣ ይደርቃል። መጨረሻ ላይ የደረቀውን መረጠ። ለሉሸስ ቃሉን መጠበቅ ከዜማው ይበልጥበት ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። መዘምራኑ ነጭ ለብሰዋል፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጅ ሴቶች በየረድፉ መሐል ማራገቢያና ሶፍት እያደሉ ይመላለሳሉ። በአስተናጋጆቹ ላይ የተሾሙት፣ ምእመኑ እህት ለማለት ሲስተር የሚላቸው፣ ሲስተር ኦዴሳ ናቸው፤ ሁለቱን ወንድማማቾች ከልጅነታቸው ያውቋቸዋል፣ ኦርቪልን ግን ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩ እንባቸው እስኪመጣ የሚስቁበት እሳቸው ነበሩ። ፓስተሩ ጮኸው ሰበኩ፣ ሰዉም መለሰላቸው፣ ተለቀሰ፣ ተጨበጨበ። በመጨረሻ ሳጥኑ ተዘጋ። ስድስቱ ተሸካሚዎች በሁለቱም ወገን ቆሙ። ቨርዴል ተነሳች። ፓስተሩ ለኦርቪል ምልክት ሰጡት።

ተነስቶ ጀመረ። ዓይኑ ክፍት ነው። ያየው ነገር የፈራውን ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሳጥኑን ትቶ የእሱን ዓይን ያያል። በደግነት ነው የሚያዩት፣ ማንም ክፋት የለበትም፣ ግን ከንፈራቸው ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ሴት ልጆች ተጎሻሽመዋል። ኦርቪል ዓይኑን አፍጥጦ ነፋ። አንድ ዙር ጨረሰ። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ከሬዲዮ እንደሚወጣ ያለ፤ ኦርጋን ተጫዋቹ እንኳ ዞር ብሎ አየው። ይሄ ሉሸስ ያስተማረው አይደለም። ወንድሙን በዚህ ድምፅ መሸኘት፣ በእንጨት ፉጨት መሸኘት ሆነበት። አንጀቱ አልቻለም፤ ሁለተኛው ዙር ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ።

ድምፁ መጣ። ከእግሩ ሥር መጣ። ያን ቀን የነበርነው ሁሉ እንደዚያ አድርጎ ሲነፋ ሰምተነው እንደማናውቅ እንመሰክራለን። ወዲያው ግን ከላይ ከሰገነቱ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ አጭር፣ በአፍንጫ የወጣ። ከዚያ ከታች ሌላ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ኦርቪል ሊለየው አልቻለም፤ በጨለማ ውስጥ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይንቀጠቀጣሉ። ሁለተኛው ዙር ወደ መጨረሻው እየሄደ ነው። አሁን ዓይኑን ይከፍታል፣ ሳክስፎኑን ያስቀምጣል፣ ከቨርዴል ኋላ ይሄዳል።

ሊከፍት ሲል ነው ነገሩ የገባው። ሰው የሚስቀው ሲተኛ እኮ አይደለም። ሲተኛ ፈገግ ነው የሚለው። የሚፈነዳው ሲነቃ ነው። ዓይኑን የከፈተ እንደሆነ፣ ለቅሶ ላይ ያለውም ሰው ሳያስበው፣ ከልምድ ብቻ፣ ያ ሳቅና ጭብጨባ ይመጣል፤ የሚመጣውም በሉሸስ ሳጥን ላይ ነው። ስለዚህ አልከፈተም። ሦስተኛ ዙር ጀመረ። ሰዉ ይረጋጋ፣ ይርሳኝ፣ ያን ጊዜ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ ብሎ አሰበ። ሦስተኛው አለቀ፣ አራተኛ ጀመረ። አጠገቡ የሆነ ሰው ቆሞ እጁን የነካው መሰለው፤ ዓይኑን ይበልጥ አጥብቆ ጨፈነ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል፣ ትንፋሹ እያጠረ ነው፣ ማቆም ግን አልቻለም፤ ማቆም መንቃት ነው።

ኦርጋኑ ቆመ። አብሮት የነበረው የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ከዚያ ቀደም ብሎ ሳይቆም አልቀረም። የሱ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ከሱ ሌላ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ኦርቪል ያን ዝምታ ሰማውና ልቡ ሞላ። በዕድሜው ሙሉ የተመኘው ዝምታ ነው። ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሰማኛል፣ ማንም አልሳቀም፣ ቃሌን ጠበቅሁልህ ሉሸስ አለ በልቡ። የመጨረሻዋን ኖታ ያዛት፣ እስክትጠፋ አቆያት፣ ከዚያ ዓይኑን ከፈተ።

ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው። ሳጥኑ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውጪ የሚታየው መንገዱ ብቻ ነው። ሲስተር ኦዴሳ በነጭ ጓንታቸው ከየወንበሩ ማራገቢያዎቹን እየለቀሙ ነበር።

«ሉሸስስ?» አለ ኦርቪል።

«ሄደ እኮ፣ የኔ ጌታ። መኪኖቹ ከሄዱ ቆዩ፣ እስካሁን መቃብሩ ጋ ደርሰዋል።»

«ቨርዴልስ?»

«ቆማ ጠበቀችህ። እጅህንም ነካ አድርጋህ ነበር፣ ልትቀሰቅስህ። እኛ ነን ተይው ያልናት» አሉ ሲስተር ኦዴሳ፣ ፊታቸው በፍቅር እንደበራ። «ጸጥ ብለን በእግር ጣታችን ነው የወጣነው፣ ልጆቹን እንኳ አፋቸውን ይዘን። አትረብሹት፣ እሱ በራሱ ነው የሚነቃው አልናቸው።»